በቃኝ የማይል እንግዳ

ቸርነት መልካም ነገር ነው፤ ዕውቀት የሌለው ቸርነት ግን ከጭካኔ በምንም አይሻልም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይብሳል። ጨካኝ ሰው ክፉ መሥራቱን ያውቀዋልና ምናልባት አንድ ቀን ያፍር ይሆናል፤ ሳያውቅ የሚቸር ሰው ግን የገደለውን ቀብሮ ራሱን እያመሰገነ ይተኛል። ይህን የምጽፈው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚቀመጡ ትንንሽ ዓሦች ነው። ነገሩ ትንሽ መሆኑን ዐውቃለሁ። የሰው ጠባይ ግን በትልቁ ነገር ከመገለጡ በፊት በትንሹ ይታያል።

በምኖርበት በልደታ፣ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አንድ ጎረቤት አለኝ። ለቅሶ የማይቀር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ደግ ሰው ነው። በሳሎኑ ውስጥ በጨው ውሃ የተሞላ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ አለው፤ በውስጡም ኮራል የሚባለው፣ ድንጋይ መስሎ እንደ አበባ የሚፈካው የባሕር ፍጡር ይኖራል። በገንዳው ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች በደኅና ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ስድስት አዳዲስ ዓሦች በአንድ ጊዜ ገዝቶ መጣና ከነመጡበት ውሃ ገለበጣቸው፤ «መንገደኞች ናቸው፣ ርቧቸዋል» ብሎም አንድ እፍኝ ምግብ በተነላቸው። እንግዶቹ አልቀመሱም። ማታም ጨመረ፤ ጠዋትም ጨመረ። በአሥረኛው ቀን ከስምንቱ አንድም አልተረፈ። ባዘንኩለት ጊዜ «ዓሣ አይደለም እንዴ? ሌላ ይገዛል» አለኝ።

እኔ የምቃወመው ይህችን ቃል ነው።

መጀመሪያ ምን እንደ ገደላቸው እንመልከት። ለዓሣ ውሃው ቤቱም፣ ማዕዱም፣ መጸዳጃውም ነው። የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ሠራተኞች ግን የሚበዙት በሚያገኙት ሥራ ልክ ነው። ለሁለት ዓሣ የበቁት ለስምንት ዓሣና ለአንድ እፍኝ ትርፍራፊ በአንድ ሌሊት አይበቁም። ስለዚህ ዐዋቂዎች አዲስ ገንዳ ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል እንዲቆይ፣ ከዚያም አንድ ወይም ሁለት ዓሣ አስገብቶ ሳምንታት እንዲታገሡ ያዛሉ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለሰው ብቻ አይደለም።

የከተማችንም ጠባይ ይታሰብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃው ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ይቆማል። የሚበሰብሰው ምግብ ደግሞ ያንኑ የቀረውን ጥቂት ኦክስጅን ይሻማል። እንግዲህ በባሕር ዳር ይቅር የሚባል ስሕተት በእኛ ዘንድ ይቅርታ የለውም።

ሁለተኛው ገዳይ በሽታ ነው። አዲስ ዓሣ በቆዳው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣ ጥገኛ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ጥገኛ በጥቂት ቀን ተራብቶ ነባሮቹን ጭምር ይጨርሳል። ለበሽታው መዳብ ያለበት መድኃኒት አለ፤ ግን መዳብ ኮራሉንና ሽሪምፑን ስለሚገድል በዋናው ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። መፍትሔው አዲሱን ዓሣ በሌላ ትንሽ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለብቻው ማቆየት ነው። ይህን ያህል መታገሥ የማይችል ሰው ባይገዛ ይሻለዋል። ለአንዱ እንግዳ ሲቻኮሉ ቤተ ሰቡን ሁሉ መቅበር ምን ዓይነት መስተንግዶ ነው?

አሁን ወደ ምግቡ ልመለስ። እኛ እንግዳ ስንቀበል «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልን እናጎርሳለን። መልካም ልማድ ነው፤ እንግዳው አንደበት አለውና ሲጠግብ «በቃኝ» ብሎ እጁን ይታጠባል። ዓሣ ግን በቃኝ አይልም። የሚተወው ምግብ መርዝ ሆኖ ይመለስበታል። አዲስ የመጣ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ባይበላ ፍርሃት እንጂ ረኀብ ብቻ አይደለም። መብራቱን መቀነስ፣ መሸሸጊያ ማዘጋጀት፣ ነባሮቹን በአንድ ጥግ እያበሉ ለአዲሱ በሌላው ጥግ ጥቂት ማቅረብ ይገባል። መጠኑም በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን፤ የተረፈው ይውጣ።

ደግሞም ሁሉ አንድ ዓይነት አይበላም። ማንዳሪን የሚባለው ውብ ዓሣ በድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታትን እየለቀመ ይኖራል፤ በአዲስ ገንዳ ከገባ የተበተነለት ምግብ በዙሪያው እያለ ብዙውን ጊዜ በረኀብ ይሞታል። እንግዲህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። ሳይጠይቅ ለመጣ ሁሉ የሚሸጥ ነጋዴም ከገዢው ያላነሰ በደለኛ ነው።

«ሌላ ይገዛል» ለሚለው መልሴ ይህ ነው። ሌላው ከየት ይመጣል? ብርቱካንማውን ዓሣ ሰዎች በገንዳ ማራባት ችለዋል፤ ለገበያ የሚቀርበው የኮራል ባሕር ዓሣ ዓይነት አብዛኛው ግን ዛሬም ከባሕር የሚጠመድ ነው። በፊሊፒንስ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓሣ ለማደንዘዝ ሳያናይድ የሚባል መርዝ በኮራሉ ላይ ሲረጩ ኖረዋል፤ ዓሣው ሲያዝ ኮራሉ ይሞታል። በጎረቤቴ ሳሎን አንድ ዓሣ በሞተና ሌላ በተተካ ቁጥር፣ አንድ እጅ ወደዚያ ባሕር እንደገና ይዘረጋል።

አንዳንዱ ወጣት ደግሞ «ሰው ሲራብ እያዩ ስለ ዓሣ ምግብ መጻፍ ቅንጦት ነው» ይለኛል። ይህ ክርክር ዓሣ አትግዛ ያሰኛል እንጂ ገዝተህ ግደል አያሰኝም። ለጌጥ ብሎ ሕይወት የገዛ ሰው በድኻ ስም ከኀላፊነቱ ሊያመልጥ አይችልም። በመስተዋት ውስጥ ያለውን፣ ጮኾ ሊከሰው የማይችለውን ፍጡር ያላሰበ፣ ነገ ሠራተኛውን ወይም ልጁን «ሌላ ይገኛል» እንደማይል ምን ዋስትና አለን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የሰፈራችንን ስም አስተውል። ጠመንጃ ያዥ ማለት በቃሉ ፍቺ መሣሪያውን የሚይዝ እንጂ የመሣሪያው ጌታ ማለት አይደለም። ያዥ አደራ አለበት፤ የያዘው ቢዝግ ተጠያቂው እርሱ ነው። አንተም በገንዘብህ ዓሣውን ልትይዘው ትችላለህ፤ ሕይወቱን ግን አልፈጠርከውም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ተማር፤ ስታስገባ አትቸኩል፤ ስትመግብ እጅህን ሰብስብ። በቃኝ ለማይል እንግዳ በቃው ማለት ያለበት ባለቤቱ ነው።