ወላጅ የሚያውቀውን መምህር ይጠይቅ

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በእነዋሪ ዙሪያ የተንጣለለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር የተኛበት ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። ውኃ የተኛበት ቡቃያም ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው የጅሩ ገበሬ ግን ዘሩን አይረግምም። በዘር ወቅት ቤተሰቡን አስከትሎ ይወጣና አፈሩን በእጁ እያነሣ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹም መካከል ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ያበጃል። አገሩ በስንዴውና በጤፉ የታወቀው በዚህ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የግብርና ተመራማሪዎች እንኳ ይህን የገበሬ ዘዴ ለማጥናት ወደ እነዋሪ መጥተዋል።

በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የተማረውን የማይዝ፣ ከመቀመጫው የማይረጋ፣ ሲጠሩት የማይዞር ሕፃን ሲያጋጥመን «ሰነፍ»፣ «ባለጌ»፣ «ቀዥቃዣ» የሚል ስም እናወጣለታለን። ይህም ዘሩን መውቀስ ነው። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል አእምሯቸው ከብዙዎቻችን በተለየ መንገድ የሚሠራ አሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ንግግርን፣ ድምፅንና የሰውን ስሜት የሚቀበልበት መንገድ የተለየ ነው። ትኩረቱን መሰብሰብ የሚያዳግተው ልጅ ደግሞ መቁነጥነጡን ፈልጎ አያመጣውም። ዲስሌክሲያ ያለበትም ልጅ ብልህ ሆኖ ሳለ ፊደልንና ድምፅን ማዛመድ ይቸግረዋል። 33 ፊደላት በ7 በ7 ቅርጽ 231 በሚሆኑበት ገበታ ላይ በጥቂት ጭረት ብቻ የሚለያዩትን ሰንና ሸን፣ ተንና ቸን፣ ደንና ጀን ለይቶ መያዝ ለእርሱ ቀላል ሥራ አይደለም።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሕፃናት በሰፈራቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ከእኩዮቻቸው ጋር መማር ይገባቸዋል፤ ትምህርቱ የሚሰምረው ግን መምህሩ ወላጅን እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ባልደረባ ሲቀበል ነው።

ይህን የምጽፈው የሌሎችን ስሕተት ለመንቀስ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት ሁለተኛ ክፍል አስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ልጅ ነበረኝ። ስሙን ስጠራው አይዞርም፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። እኔም እንደ አመፀኛ ቆጥሬ ከግድግዳው ሥር አስቆመው ነበር። አንድ ወር ካለፈ በኋላ እናቱን አስጠራኋት። ያስጠራኋት ልጠይቃት ሳይሆን ልከሳት ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ እስክጨርስ ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ልጄ ድንገተኛ ድምፅ አይችልም። ወፍጮ ቤት ይዤው ስሄድ ጆሮውን በጥጥ እደፍንለታለሁ። ሲጠሩትም ከፊቱ ቆመው ይጥሩት፤ ያኔ ይሰማዎታል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወሉ ከመደወሉ ትንሽ ቀደም ብዬ በእጄ ምልክት እሰጠው ጀመር፤ መቀመጫውንም ከበሩ አራቅሁት። ልጁ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። ዳሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር መግባቱን ተወ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ፊደሉን ለየ። እናቱ በብዙ ዓመት የደረሰችበትን እውቀት እኔ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተማርሁ። በከንቱ ያለፈው አንድ ወር ግን የእኔ ሳይሆን የልጁ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች፣ «እንዲህ ያሉ ልጆች በልዩ ማዕከል ለብቻቸው ይማሩ» ይላሉ። የልዩ ማዕከልን ጥቅም አልክድም። ብርቱ ድጋፍ የሚያሻቸው ልጆችም መኖራቸው እሙን ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ማዕከላት በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። የጅሩ ገበሬ ልጁን ወዴት ይውሰደው? ደግሞስ ያ ልጅ አድጎ የሚኖረው፣ የሚገበያየው፣ በሰርግና በለቅሶ የሚገኘው ከማን ጋር ነው? ከጎረቤቶቹ ልጆች ጋር አይደለምን? እንግዲያውስ አብሮ መኖርን አብሮ በመማር ይጀምር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኛ ልጆች በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲማሩ ይደነግጋል።

ሌሎች ደግሞ፣ «በአንድ ክፍል ስልሳ ሕፃናት ታጭቀው ሳለ መምህሩ ለአንዱ ልጅ ጊዜ ከየት ያመጣል?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የክፍሉ መጨናነቅም መቃለል አለበት። ነገር ግን ልጁን ወደ ፊት ማስቀመጥ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ የሚቀጥለውን ሥራ አስቀድሞ መንገር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጊዜ የሚያባክነው ከማያውቁት ልጅ ጋር ዓመቱን ሙሉ መታገል ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ እንቅፋት ኀፍረት ነው። ብዙ ወላጆች፣ «ርግማን ነው፤ ከዘር የመጣ ቅጣት ነው» የሚለውን ሐሜት በመፍራት ልጃቸውን በጓዳ ይሸሽጋሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ኦቲዝም በሽታ አይደለም፤ የአእምሮ አፈጣጠር ልዩነት ነው። ስለ መደበቅ የተነገረው ግን እውነት ነው። ጠበል የሚያስጠምቅ ወላጅ እምነቱን እንዲተው ማንም አይጠይቀውም፤ ልጁን ከጠበሉ መልስ ወደ ትምህርት ቤት ያምጣው።

ወላጅን መውቀስ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አልነበረም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ጽፎ ኦቲዝምን ካሳወቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት አያሌ ምሁራን ጥፋቱን በእናቶች ፍቅር ማነስ ላይ ይጭኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸው በትምህርት ቤቶች ተቀባይነት ሲያጣባቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ሲወተውቱ ኖሩ። በሁለቱም አገር ምሁራን ያላዩትን ያየው ወላጅ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ሕፃኑ በተመዘገበ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ወላጁን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ልጁ ምን ይወዳል? ምን ያስደነግጠዋል? ሲከፋው በምን ይጽናናል? ሁለተኛ፣ ውይይቱ በገበያ ቀን ይሁን፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ገበሬ ሥራውን ሳይፈታ ይገኛልና። ማንበብ ለማይችል ወላጅ መልእክት በወረቀት ሳይሆን በቃል ይላክ። ሦስተኛ፣ የወላጅና የመምህራን ኅብረት የሚሰበሰበው ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ስለ ልጆቹ አማማርም ይምከር። ወላጅም በበኩሉ በትምህርት ቤት የተጀመረውን በቤት ይቀጥል፤ የሚያውቀውንም አይሸሽግ።

እናንተ ተማሪዎች ይህ የመምህራንና የወላጆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል ታናሽ ወንድሙን ወይም እኅቱን እጅ ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ብዙ ነው፤ የእናትን ቃል ለመምህር፣ የመምህርንም ቃል ለእናት ማድረስ ትችላላችሁ። በመንገድ ላይ ቅጽል ስም ወጥቶለት ሲሳቅበት የምታዩት ሕፃን ካለ ሳቁን አትከተሉ፤ በስሙ ጥሩት። ከፊቱ ቆማችሁ ጥሩት።