ከአሮጌ አንቴና የሚሠራ መብሻ



ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር የእጅ ሥራ ዓምዳችን ትናንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎችን መሥራት ለሚወዱ ልጆቻችን፣ በተለይም እንደ መካነ ሰላም ባሉት የቦረና ደጋዎች ለሚኖሩት የተዘጋጀ ነው። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ጨዋታም ነው። ይሁን እንጂ በደጋ አገር ሞዴል ማብረር ከቆላው ይልቅ እንደሚከብድ፣ ችግሩንም የሚያቃልለው ቤት ውስጥ ከወዳደቀ ዕቃ የሚሠራ አንድ ትንሽ መሣሪያ እንደሆነ ማወቅ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በጅቡቲ ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ክንፍን ደግፎ የሚይዘው አየር ስለሆነ፣ ያው ሞዴል በቦረና ደጋ ላይ ሳይወድቅ እንዲንሳፈፍ ከባሕር ዳር ይልቅ በአንድ ሰባተኛ ያህል መፍጠን አለበት። የፈጠነ ነገር ደግሞ መሬት ሲነካ ይሰባበራል። መድኃኒቱ ክብደት መቀነስ ነው። ለዚህም ሲባል የሞዴል ሠሪዎች የክንፉን አጥንቶች፣ ማለትም ክንፉን ቅርጽ የሚሰጡትን ስስ ቁራጮች፣ በክብ በክብ ይበሷቸዋል።

ለምሳሌ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 1 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ አጥንት 1,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። አፉ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ያነሳለታል። ሰባት ቢበሳ ከክብደቱ ወደ 14 ከመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ከወርዱ ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ ዳርና ዳሩ ይሳሳና አጥንቱ ይጎብጣል።

ታዲያ በምን ይበሳ? ልጆች መጀመሪያ የሚያነሱት የእናታቸውን ወስፌ ነው። ወስፌ ለስፌት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም አክርማውን ሳይቆርጥ ገፋ አድርጎ መንገድ ይከፍትለታል፣ ከዚያም ሣሩ ተመልሶ ይጨብጠዋል። ለሞዴሉ ግን ይህ ጠባዩ ራሱ ጉዳት ነው። ወስፌ ከካርቶኑ ወይም ከእንጨቱ ምንም አያነሳም፤ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ። ስስ እንጨት ሲገፋ በቃጫው መስመር ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ያው ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን የሚገፋ ሳይሆን ዙሪያውን ቆርጦ መሐሉን አውጥቶ የሚጥል፣ አፉ ክብና ስለታም የሆነ ቱቦ ነው። (ወስፌውም በደህና ወደ ሞሰቡ ይመለስ፤ አማና ነውና።)

እንዲህ ያለው ቱቦ ደግሞ በየቤቱ አለ። የተበላሸ ራዲዮ አንቴና አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም የተደረደረ የቱቦ ስብስብ ነው፤ ከአንድ አንቴና አራት አምስት ዓይነት መብሻ ይወጣል። የተበላሸ ራዲዮ ብለናል! አያት ዜና የሚያዳምጡበትን የነካ ልጅ ከዚህ ዓምድ እንደተማረ እንዳይናገር አደራ። የአንቴናው ጫፍ ብዙውን ጊዜ ድፍን ስለሆነ ለመብሻነት አይሆንም፤ ግን አይጣል፣ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን። ወፈር ላለ ካርቶን የተሰበረ ጃንጥላ የብረት ዘንግ ይሻላል፤ የአንቴናው ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይደነዝዛል።

ቱቦውን በጉጠት ጨምቆ መቁረጥ አይገባም፤ አፉ ይጨፈለቃል። በሞረድ ጠርዝ ዙሪያውን እያሽከረከሩ መስመር ማስያዝና በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ መስበር ነው። 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ከዚያ ልኩ የሆነ ምስማር በቱቦው ውስጥ ይከተትና አፉን ከውጭ በኩል ብቻ፣ ቱቦውን እያዞሩ፣ በለስላሳ ሞረድ ማሾል ነው። ምስማሩ ቱቦው እንዳይጎብጥ ይደግፈዋል። ከውጭ የተሾለ አፍ የቀዳዳውን ልክ አይለውጥም፣ የተቆረጠውንም ክብ ቁራጭ በቀላሉ ወደ ውስጥ ይቀበለዋል። በመጨረሻ የተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ወደ ውስጥ አስገብቶ ፍንጣሪውን መጥረግ፣ ለመያዣ የሚሆነውንም ጫፍ በአሮጌ ከመነዳሪ መጠቅለል ያስፈልጋል።

ይህን ስናትም አንዳንድ ወላጆች ቅር እንደሚላቸው እንገምታለን። ሞረድ ይዞ የተቀመጠን ልጅ «ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» ብሎ መሳደብ በደጋው አገር የቆየ ልማድ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ ስንት ዘመን ተንቆ ኖሯል። ቁርኣን ግን ነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ.) አላህ ብረት እንዳለዘበላቸውና ጥሩር ሲሠሩ ቀለበቶቹን በልክ እንዲያደርጉ እንዳዘዛቸው በሱረቱ ሰበእ ይነግረናል። ለነቢይ ያልወረደ ክብር ለእኛ ልጅ ይወርዳል ብሎ መፍራት ምን የሚሉት ነው? አውሮፕላንም ቢሆን የሌላ ሰው ነገር ብቻ አይደለም። በአገራችን ምድር የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት ተሠርታ በርራለች፤ ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ወደ ሥራው እንመለስ። የሚበሳው ቁራጭ ከሥሩ የአሮጌ ሸበጥ ሶል ይነጠፍለት፤ ድንጋይ ላይ የተበሳ እንደሆነ የመብሻው አፍ በአንድ ቀን ያበቃል። ለካርቶን ከላይ በትንሽ እንጨት መታ ማድረግ ይቻላል። ለስስ እንጨት ግን መምታት ሳይሆን እየተጫኑ ግራና ቀኝ ማዞር ነው፤ ግማሹ ሲደርስ ገልብጦ ከሌላው ወገን መጨረስ ጠርዙ እንዳይቦጨቅ ያደርጋል። ሦስት አራት ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ቱቦው በቁራጭ ይሞላል። ያስቀመጥነው ድፍን የአንቴና ጫፍ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ ከኋላ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል።

ከክንፉም ይልቅ በብዛት መበሳት ያለበት ጅራቱ ነው። ጅራት ከሚዛኑ መሐል ስለሚርቅ በእርሱ ላይ ለተጨመረ አንድ ግራም በአጭሩ አፍንጫ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ግራም ማካካሻ ያስፈልጋል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኖረው ዐባስ ኢብን ፊርናስ ለመብረር ሞክሮ ሲያርፍ የተጎዳው ጅራት ስላላበጀ ነው ይባላል። ታሪኩን የዘገበልን አል-መቀሪ ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የኖረ ስለሆነ ልጆች ይህንንም ጨምረው ቢያወሩት ደስ ይለናል። ጅራት ይኑር፣ ግን ይቅለል።

ለማብረር ምርት ከተነሣ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ከቀኑም ነፋስ ሳይነሣ ማለዳው ይመረጣል፤ ከገደል አፋፍ መራቅ ደግሞ የግድ ነው። መብሻዎቹ ሥራ ሲያበቃ አፋቸው በከመነዳሪ ቁራጭ ተሸፍኖ፣ ዳዴ የሚል ሕፃን ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጡ።