«ሲስተም የለም»

መብራት ሄዶ መጣ። አምፖሉ በራ፣ ፎቶኮፒውም ተነሳ። ሰልፍ የያዝንበት የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ግን «ሲስተም የለም» አለን፤ ሰርቨሩን የሚያበራው የአይቲ ልጅ የክፍሉን ቁልፍ ይዞ ምሳ ወጥቷላ!

ወዳጆቼ፣ በመብራት አናሳብብ። አብዛኛው ሰርቨር መብራት ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የሚመረጥበት ቦታ ባዮሱ ውስጥ አለው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ወደነበረበት ይመለስ፣ ወይም ሁልጊዜ ይነሳ። ሦስተኛውን ምረጡ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። «ወደነበረበት» አታላይ ነው፤ ዩፒኤሱ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በወጉ ካጠፋው፣ የነበረበት መጥፋት ነውና እንደጠፋ ይቀራል። ዳታቤዙም ሰው ሳይጠብቅ አብሮ እንዲነሳ እዘዙት።

ይህን ያላስደረገ አለቃ «ሲስተም የለም» ቢለን አልዋሸም። ሲስተም በአማርኛ ሥርዓት አይደል?