ከመውደቅ በፊት ያለው ሽታ

ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ በሚታከክበት በአንድ የድሬዳዋ ቀትር ነበር። የምሠራበት ባንክ አዳራሽ በሰው ተሞልቷል፤ የጣሪያው ማራገቢያ ሞቃቱን አየር ከማማሰል በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ድንገት ቀና ብለው፣ «ምን ይሸታል? ሲያር ሲያር አይላችሁም?» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት አየሩን ማግ ማግ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለማንም አልሸተተውም። ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋ ወደቁ።

«ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ግማሹ ሰልፈኛ በነጠላውና በመሐረቡ አፍንጫውን ሸፍኖ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ክብሪቱን ሮጦ ያመጣው ይህ ጸሐፊ ነው። ለኮስኩ፤ አጠፋሁ፤ ጭሱን ከአፍንጫቸው ሥር ያዝኩ፤ ደግሜም ለኮስኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መንቀጥቀጡ ቆመ። «ክብሪቱ አዳናት» ተባለ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ሲነቁ ውኃ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ከመስደዳቸው በፊት የላይኛውን ከንፈራቸውን ዳበሱ፤ ተለብልቦ ነበር። «ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ሽታ ለምጄዋለሁ፤ እሱ የራሴ ነው። የእናንተ ክብሪት ግን ሁልጊዜ ያቃጥለኛል» አሉኝ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው የዚያ ከንፈር ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ከስሙ እንጀምር። «የሚጥል በሽታ» እንለዋለን። ስሙን ያወጣለት የወደቀው ሰው ሳይሆን ቆሞ ያየው ነው። መውደቁን፣ መንፈራገጡን፣ አረፋውን ቆጥሮ መዝግቧል፤ ከመውደቅ በፊት በዚያ ሰው ውስጥ ምን እንዳለፈ ግን ስሙ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ሕመሙ የአንጎል ሕዋሳት ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ንዝረት በአንድነት ሲለቁ የሚመጣ ነው። በግራና በቀኝ፣ ከጆሯችን አቅራቢያ ባለው የአንጎል ክፍል ሽታን የሚለዩና ትዝታን የሚያኖሩ ሥፍራዎች ተጎራብተው ይገኛሉ። ንዝረቱ ከዚያ ሲነሣ፣ እሳት በሌለበት ቤት የሚቃጠል ነገር ሊሸት ይችላል። ይህ ለሕሙማን ሁሉ የሚደርስ አይደለም፤ ሽታ የሚቀድማቸው ጥቂቶቹ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ እነዚህን ጥቂቶች አድምጦ፣ ነገሩን ከአንጎል ሥፍራ ጋር አያይዞ ጽፎላቸዋል። የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ ገርሽዊን የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል ይል ነበር፤ ምክንያቱ የአንጎል ዕጢ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በ38 ዓመቱ አረፈ። ሕመሙ ከዚህ ክፍል ከሚነሣባቸው ሰዎች መካከልም በደኅናው ቀናቸው እንኳ አንዱን ሽታ ከሌላው መለየት የሚቸግራቸው ብዙዎች ናቸው። የከፊራ ቅመም፣ የዕጣን ጭስ፣ ቀትር ላይ የሚገባው የጫት እርጥብ ሽታ፣ ዝናብ የነካው የደቻቱ አሸዋ በሚቀባበሉባት በዚች ከተማ የገዛ አፍንጫን አለማመን ምን ዓይነት ብቸኝነት እንደሆነ አስቡት።

ቋንቋችን ግን ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ይመስለኛል። «አሸተትኩ» ስል አድራጊው እኔ ነኝ። «ሸተተኝ» ስል ግን ሽታው ራሱ መጣብኝ፤ እንደ «አመመኝ»፣ እንደ «ራበኝ»። ያቺ እናት ያሉትን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ግሥ አይገኝም። የጎደለን ቃል አይደለም፤ ጆሮ ነው።

«ጭሱ እኮ ይሠራል፤ በዓይናችን አይተናል» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን አብዛኛው መንቀጥቀጥ ማንም ሳይነካው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪቱ ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ ተለኩሶ እስኪደርስ ማዕበሉ ማለፊያው ደርሷል። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ጃንጥላ የዘረጋ ሰው «ዝናቡን ያቆመው ጃንጥላዬ ነው» እንደሚል ማለት ነው።

እውነቱን ላለመሸሸግ፣ ሽታ ሕመሙን የገታበት አጋጣሚም ተመዝግቧል። ሮበርት ኤፍሮን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1957 ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ ሕመሟ በሽታ ይጀምራት የነበረች አንዲት ዘፋኝ ገና ምልክቱ ሲመጣ ሌላ ሽታ በማሽተት ማስቆም እንደቻለች ዘግቧል። የጃስሚንን ሽታ ከእጅ አምባር ጋር ካለማመዷት በኋላ አምባሩን ማየቷ ብቻ ይበቃት ጀመር። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ እሷ ገና ራሷን ሳትስት፣ በራሷ እጅና በራሷ ፈቃድ ነበር ያሸተተችው። እኛ የምንለኩሰው ግን ሰውየው ከወደቀና ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ትርፉም የድኝ ጭስና የተለበለበ ከንፈር ነው።

ጭስንና ይህን ሕመም ያገናኘን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በጥንታዊት ሮም ጋጋቴስ የሚባል ጥቁር ድንጋይ አጭሰው ሕመሙ ያለበትን ሰው ለይተው ለማውጣት ይሞክሩ ነበር። የእኛ ክብሪት ለማዳን ታስቦ ነው፤ ደግነቱን አልክድም። ነገር ግን አንዱ ክብሪት ሲለኩስ ሌላው አፍንጫውን ሸፍኖ ሲሸሽ ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ፍርሃት ነው። ሕመሙ በትንፋሽም፣ በአረፋም፣ በምራቅም አይተላለፍም። ሴትዮዋ ሲነቁ በመጀመሪያ ያዩት የተሸፈኑ አፍንጫዎችን ነበር፤ ይህ ከክብሪቱ ይልቅ የሚያቃጥል ይመስለኛል።

ሕመሙ የሩቅ ሰው ሕመምም አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጽሑፍ ከ1000 ሰዎች 5 ያህሉ እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚደርሱት ከመውደቅ ነጻ ሆነው መኖር እንደሚችሉ ይናገራል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽና ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ። ጸበል የሚጠመቅም፣ ዱዓ የሚያስደርግም ክኒኑን ሳያቋርጥ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ ሰው ሲወድቅ ክብሪቱን ተዉት። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አኑሩ፤ እሳትና ስለታም ነገር አርቁ፤ በአፉ ምንም አትጨምሩ፤ እንዳይንፈራገጥም ጨምድዳችሁ አትያዙት። መንቀጥቀጡ ሲያባራ በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሲነቃ የሚያየው ፊት የተሸፈነ አይሁን።

ለእኛ ለጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለብን። በልብ ወለዶቻችን ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሲመጣ የምንጽፈው አወዳደቁን ብቻ ከሆነ፣ እኛም ከሰልፈኛው አልተለየንም። ያ ሰው ከመውደቁ በፊት አንድ ነገር አይቷል፣ ሰምቷል፣ ወይም ሸትቶታል። እሱን እንጠይቀው።

ያቺ እናት ኋላ እንዳጫወቱኝ፣ ቤታቸው ሳሉ ሲያር ሲሸታቸው መጀመሪያ ድስታቸውን ያያሉ። ድስቱ ካላረረ ከምድጃው ርቀው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ባንኩ ውስጥ ግን የሚያዩት ድስት ስላልነበራቸው እኛን ጠየቁ። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን።

ከእንግዲህ አጠገቤ ያለ ሰው «ምን ይሸታል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ለእኔ ባይሸተኝም «ምንም» አልለውም። ወንበር ስቤ፣ «ይቀመጡ» እላለሁ።