ከመፍረድ በፊት መመርመር



ባለፈው ክረምት እኛ የእንሴኖ ልጆች ለዕረፍት ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ፥ ለሁለት ጊታሮቻችን ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሁለት ፒክአፖች በመዋጮ አስገዛን። ገንዘቡን ይዞ አዲስ አበባ የሄደው ከመካከላችን አንዱ ነው። በሰርግ ቤት ስንጫወት የአንዱ ጊታር ድምፅ ጥርት ያለ፥ የሌላው ግን የታፈነ ሆነ። ወዲያውኑ «አንዱ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ልጁ ትርፉን ኪሱ ከቷል» ተባለ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ከመካከላችን ቀረ።

ዛሬ የምንጽፈው ጥፋቱ የኛ እንደ ነበረ ለመግለጽ ነው። ፒክአፖቹን ነቅለን ብናለዋውጣቸው የታፈነው ድምፅ አብሮ አልሄደም፤ እዚያው ጊታር ላይ ቀረ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። የብረት ክር በላዩ ሲርገበገብ፥ ፋራዴይ በ1831 (እ.ኤ.አ.) ባሳየው ሕግ መሠረት በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። እንግዲህ ፒክአፕ የራሱ ዜማ የለውም፤ የሚያስተላልፈው የክሩን ንዝረት ነው። ንዝረቱም በክሩ ርዝመት ሁሉ አንድ አይደለም። ክሩ በሚያርፍበት ጫፍ አጠገብ ድምፁ ቀጭንና ስል፥ ወደ አንገቱ ሲጠጋ ወፍራምና ለስላሳ ነው። የክሩም ርዝመት በስትራቶካስተር 64.8፥ በሌስ ፖል 62.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፒክአፑ ከክሩ ያለው ርቀትና የገመዱ ርዝመትም ድምፁን ይለውጣሉ። የድምፅ መቀነሻው 500 ኪሎ ኦም ሲሆን ስሉን ድምፅ ያሳልፋል፤ 250 ሲሆን ያለዝበዋል።

በታፈነው ጊታር ላይ አስቀድመን ክሩን ብቻ ለወጥን፤ ጥቂት ተሻለ። ቀጥሎ መቀነሻውን ብናይ 250 ነበር፤ የሌላው 500 ነው። በ500 ብንተካው ልዩነቱ ለጆሮ የማያስቸግር ሆነ።

የማረቆ በርበሬ አንድ ሆኖ ሳለ ወጡ እንደ ድስቱና እንደ እሳቱ እንደሚለያይ እናቶቻችን ያውቃሉ። እኛ ግን ፊዚክስ ተምረን ዘነጋነው። ለመመርመር አንድ ከሰዓት በኋላ ሲበቃን፥ ለመፍረድ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀንም። ሁለት ነገሮች ተለያይተው ሲገኙ አንዱን ብቻ ለውጦ ሌላውን ባለበት ማቆየት የተማረ ሰው ግዴታ ነው፤ በተለይም የሰው ስም በተያዘ ጊዜ።

ሐሜታችን በአደባባይ ስለ ነበረ ይቅርታችንም በአደባባይ ይሁን። ወንድማችን ሆይ፥ በድለንሃል፤ ጊታሩም ወንበርህም ይጠብቁሃል።