የእናት ቤት ቀርከሃ
ባለትዳሮች፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ጠባብ ሳሎን ውስጥ ትልቅ ሶፋ በብድር ለማስገባት እያሰባችሁ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ከወላጆች ቤት የመጣውን የቀርከሃ ወንበር እስቲ ደግማችሁ ተመልከቱት።

ቀርከሃ ከሣር ወገን ነው። በአገራችን በተፈጥሮው ሁለት ዓይነት ይበቅላል፤ ውስጡ ክፍት የሆነው የደጋ ቀርከሃ በሲዳማና በአዊ፣ ድፍኑ የቆላ ቀርከሃ ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይገኛል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ለጋ ቀርከሃ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፤ ነቀዝም አይለቀውም። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ወንበር ከበሰለ ቀርከሃ በጥሩ እጅ ለመሠራቱ ዕድሜው ይመሰክርለታል። በጊዜ ብዛት የሚያወጣው ማር መሳይ መልክም በአዲስ ቫርኒሽ አይገኝም።

ከመወሰናችሁ በፊት ወንበሩን ገልብጣችሁ አንኳኩት። እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ከረገፈ ነቀዝ ሳይኖርበት አይቀርምና ከሌሎች የእንጨት ዕቃዎች ለዩት። እግሮቹ ደኅና ሆነው ማሰሪያው ብቻ ከላላ ግን የቀርከሃ ባለሙያ መልሶ ያጠብቀዋል። በውኃ አትዘፍዝፉት፤ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁት። ከኃይለኛ ፀሐይና ከሚረጥብ ግድግዳም አርቁት። ቀላል ስለሆነ ፎቅ ለማውጣት አያስቸግርም፤ አዲስ ትራስ ሲደረግበትም ሳሎኑን ያደምቃል።

በዚህ ጉዳይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። አንዳችሁ “አሮጌ ነው” ስትሉ፣ ሌላው የእናቱን ቤት እያሰበ ይሆናል። ወንበሩ ከተጠገነ ለሶፋው የታሰበው ብድር ይቀራል፤ የእናትም ዕቃ ከቤት አይወጣም።