ሞተር ሲታዘዝ የቡሬ ዳገት ይታሰብ



ከጋምቤላ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬና ወደ መቱ የሚጓዝ ካሚዮን፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከሆነው ቆላ እስከ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። ዳገቱ ሲጀመር ሙቀቱ የቆላ ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ አየሩ ቀጭን ነው። ካሚዮኑ ጭነቱን ተሸክሞ በከባድ ማርሽ ሲያዘግም ሞተሩ እጅግ ይደክማል፤ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ ውሃው ቢፈላ፣ ጓርኒሲዮኑ ቢቃጠል ወይም ቴስታታው ቢሰነጠቅ ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው በመንገድ ይቀራል፣ የውሉ ቀን ያልፋል፣ ለመለዋወጫውም የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል።

ዛሬ የሞተር ፋብሪካዎች ብረቱን ከማቅለጣቸው በፊት ጠባዩን በኮምፒዩተር ይመረምራሉ። የሞተሩ አካል በሥዕል ወደ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ የሚቀበለው ሙቀትና ጫና ይሰላል፤ ሁሉም ሲጠቃለል የትኛው ቦታ እንደሚግል፣ የትኛው ሊሰነጠቅ እንደሚችል፣ በየትኛው የዙር ፍጥነት ንዝረቱ እንደሚበረታ አስቀድሞ ይገመታል። ለዚህ ስሌት መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956 የቦይንግ ኩባንያ መሐንዲሶችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ አውሮፕላን አካል ጥንካሬ ያወጡት ጽሑፍ ነው።

ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃም በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ93 ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ስሌቱ ለሜዳና ለመጠነኛ ሙቀት ብቻ ተሠርቶ እንደ ሆነ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ለቡሬ ነጋዴ አይረባም።

በንግድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ እንደምመለከተው፣ በፕሮፎርማ ላይ ዋጋው፣ የፈረስ ጉልበቱና የማስረከቢያው ቀን ይጻፋል፤ ከፍታና ዳገት ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ስለዚህ አስመጪዎች በማዘዣቸው የሥራውን ቦታ ከፍታ፣ ከፍተኛውን የአየር ሙቀት፣ የጭነቱን ክብደትና የዳገቱን ርዝመት ቢገልጡ መልካም ነው። ሻጩም ማቀዝቀዣው እስከ ስንት ሜትርና እስከ ስንት ዲግሪ እንደ ተሰላና በተግባር እንደ ተፈተነ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ይህ ለጀነሬተርና ለቡና መፈልፈያ ሞተርም ያስፈልጋል።

«ጥሩ መካኒክ ካለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። መካኒክ የሚጠራው ግን ሞተሩ ከተጎዳ በኋላ ነው። ደግሞም ከልክ በላይ የሚጭን ሰው የትኛውንም ስሌት ከንቱ እንደሚያደርግ መዘንጋት አይገባም።

የንግድ ምክር ቤቶቻችን እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ አንድ ቅጽ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ ወጪው የወረቀት ብቻ ይሆናል። ዳገቱን የሚያውቀው ነጋዴው ነውና፣ ለፋብሪካው መንገርም የእርሱ ፈንታ ነው።